የሰፈራችን ልጆች የአገር አቋራጭ ሩጫ ልምምድ እንዴት ይቀጥል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)




ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቦይ ጠረጋ ወይም ስለ መዋጮ አይደለም። ስለ ልጆቻችን ሩጫ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ለዚህ ደግሞ ስብሰባ ያስፈልጋል ወይ?» እንደምትሉ እናውቃለን። ያስፈልጋል። ምክንያቱም ባለፈው ዓመት ልጆቹን ስናሠለጥን ያጠፋነው ጥፋት አለ፤ ዘንድሮ ደግሞ ያንኑ ጥፋት በገንዘብ ልንደግመው ተቃርበናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለልምምዱ ከየቤቱ የተዋጣው ገንዘብ 6 ጥንድ የሩጫ ጫማ ይገዛል። ባለፈው ስብሰባ «6ቱን ፈጣን ልጆች እንምረጥ፣ ጫማ እንግዛላቸው፣ ሌሎቹ ትምህርታቸውን ይማሩ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙዎች እጃቸውን አንሥተዋል። እኛም ከአንሺዎቹ መካከል ነበርን። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩን ደጋግመን አስበንበታል። ዛሬ እጃችንን ለማውረድ ነው የቆምነው። ለምን እንደምናወርድ እንድናስረዳ ይፈቀድልን።

ባለፈው ዓመት ምን ሆነ?

ልምምዱን ስንጀምር ከ9 እስከ 13 ዓመት የሆናቸው 31 ልጆች መጥተው ነበር፤ 17 ወንድ፣ 14 ሴት። ከእኛ መካከል አሠልጣኝ የለም። በሬዲዮ የሰማነውን፣ በቴሌቪዥን ያየነውን ይዘን ገባን። ወሩ መጋቢት፣ ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። የመጋቢትን ፀሐይ በፎገራ ሜዳ ላይ ለማናችሁም መንገር አያስፈልግም። «እስቲ ማን ጎበዝ እንደሆነ እንይ» ብለን እስከ ሩዙ ማሳ ጫፍ ሮጠው እንዲመለሱ አዘዝናቸው። ሮጡ። ሲመለሱ ግማሾቹ ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ አንዲት ልጅ ወደቀች። ጥላ ሥር አስተኝተን፣ ውኃ አፍስሰንባት፣ አጠጥተናት ተነሣች። እናቷ ግን በማግስቱ ደብተሯንና እጇን ይዛ እኛ ዘንድ መጣችና «ልጄን የላክሁላችሁ እንድትጫወት ነው እንጂ እንድትሞት አይደለም» አለችን። እውነቷን ነበር።

በሦስት ሳምንት ውስጥ 12 ልጆች ቀሩ። ቀሪዎቹን አሰልፈን አስሮጥንና 6ቱን ፈጣኖች ለይተን ሌሎቹን «እናንተ ለከርሞ» ብለን አሰናበትን። በዚያን ጊዜ ሥራ የሠራን መስሎን ነበር።

የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲደርስ ከ6ቱ አንዱን ወባ ይዞት ተኛ። በቦታው የምናስገባው ልጅ አልነበረንም፤ የተሰናበቱት ልምምዱን ትተው ነበርና። 5 ልጆች አሰለፍን። አንዱ እግሩ የዋልካ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። አንደኛው ገና ሲለቀቁ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ሮጠና መሐል ላይ ቆመ። 3ቱ ጨረሱ፤ አንደኛ፣ አራተኛና አሥራ ዘጠነኛ ወጡ። እልል አልን። ውጤት ሲነበብ ግን የኛ ቡድን ስም የለም። ለካ በዚያ ውድድር ቡድን የሚቆጠረው 4 ልጅ ሲጨርስ ነው!

ካሰናበትናቸው ልጆች አንዲቱ የሯጮቹን ልብስ ተሸክማ ዳር ላይ ቆማ ነበር። ወደኛ ጠጋ አለችና «ጋሼ፣ እኔ ብገባ አራተኛ ሰው አልሆንም ነበር?» አለች። በእግሯ እየተራመደች እንኳ ብትጨርስ ቡድናችን ይቆጠር ነበር። መልስ አልሰጠናትም። መልስ አልነበረንም።

የአገር አቋራጭ ሩጫ የቡድን ሥራ ነው

ከዚያ በኋላ ጠየቅን፣ አነበብን፣ የሚያውቁ ሰዎችንም አነጋገርን። መጀመሪያ የተረዳነው ነገር ይህ ነው፤ አገር አቋራጭ የአንድ ሰው ሩጫ ይመስላል እንጂ አይደለም። ቡድን የሚያሸንፈው የሯጮቹ ደረጃ ተደምሮ ድምሩ ሲያንስ ነው። አሁን በዓለም ሻምፒዮና ከአንድ አገር በአንድ ውድድር እስከ 6 ሯጭ ይሰለፋል፤ የ4ቱ ይደመራል።

ምሳሌ እንስጥ። አንድ ሰፈር 1ኛ፣ 2ኛ፣ 20ኛና 25ኛ ቢወጣ ድምሩ 48 ነው። ሌላው ሰፈር 8ኛ፣ 9ኛ፣ 10ኛና 12ኛ ቢወጣ ድምሩ 39 ነው። አንደኛም ሁለተኛም የሌለው ሁለተኛው ሰፈር ዋንጫውን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። እንግዲህ ዋንጫውን የሚወስነው ከፊት ያለው ልጅ ሳይሆን አራተኛው ልጅ ነው። እኛ ደግሞ አራተኛውን ልጅ ነበር ያሰናበትነው።

ይህ በትልልቆቹም የታየ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው እ.ኤ.አ. በ1981 ስፔን፣ ማድሪድ ላይ ነበር። ሯጮቻችን እየመሩ ሳለ የዙር ቁጥር ተሳሳቱና አንድ ዙር ሲቀር ያለቀ መስሏቸው የመጨረሻውን ሩጫ ሮጡ። የነበራቸውን ጉልበት እዚያ ላይ ጨረሱት። የግል ድሉን አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ወሰደው፤ መሐመድ ከድር እንደ ምንም ተመልሶ ሁለተኛ ሆነ። ነገር ግን የቡድኑ ድል የኛ ሆነ! ከኋላ ሆነው ተከታትለው የገቡት ልጆች አዳኑት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 1985 ድረስ የወንዶቹን የቡድን ድል ለ5 ዓመት ማንም አልነካብንም።

ስለ በረዶ አገር ሰዎች ጥቂት

ከመካከላችን አንድ ወንድማችን በቴሌቪዥን አይቶ «አገር አቋራጭ በበረዶም አለ አይደል?» ብሎ ጠይቆን ነበር። አዎን አለ። በእግራቸው ረጃጅም ጠፍጣፋ እንጨት የመሰለ ነገር አስረው፣ በሁለት እጃቸው ምርኩዝ ይዘው፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። በዚህ ስፖርት ኢትዮጵያም ተወክላለች። ሮቤል ተክለማርያም የሚባል አዲስ አበባ የተወለደ፣ በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ ያደገ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ኢጣልያ፣ ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በ15 ኪሎ ሜትሩ 83ኛ ወጣ። በ2010ም ካናዳ፣ ቫንኩቨር ላይ ተመልሶ ቀርቧል። አዲስ አበባ ሲመጣ በረዶ ስለሌለ ጎማ ባለው መንሸራተቻ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። 83ኛ መውጣት ለኛ አገር ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ ነገር ግን የአገሩን ባንዲራ ይዞ ብቻውን ገብቶ ጨርሶ ወጣ። መጨረስም አንድ ነገር ነው።

እኛን የገረመን ግን የበረዶ አገር ሰዎች ልጅ የሚያስተምሩበት መንገድ ነው። ጀማሪውን ልጅ መጀመሪያ ምርኩዙን ያስቀምጡታል። ያለ ምርኩዝ፣ በአባሮሽና በጨዋታ፣ ሚዛኑን ጠብቆ መንሸራተትን ይለምዳል። ምርኩዙ በኋላ ይመጣል፤ ፍጥነቱም በኋላ ይመጣል።

ከነዚህ አገሮች ሁሉ የላቀችው ኖርዌይ ናት። ሕዝቧ 6 ሚሊዮን አይሞላም፤ በክረምት ኦሊምፒክ ግን ከዓለም ብዙ ሜዳልያ ያገኘች እሷ ናት። ታዲያ የዚያች አገር የስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ልጆች ስፖርት ደንብ አውጥቷል፤ በ2007 ደግሞ የልጆችን መብት ጨምሮ አሻሽሎታል። በዚያ ደንብ መሠረት ልጅ 11 ዓመት እስኪደርስ ድረስ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» እየተባለ ደረጃ አይወጣለትም። 13 ዓመት እስኪደርስም በአገር ደረጃ ሻምፒዮና አይሰለፍም። በዓለም አንደኛ የሆነች አገር ልጆቿን ለመምረጥ አትቸኩልም! እኛ ደግሞ በ3 ሳምንት መርጠን ጨረስን።

ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። የ10 ዓመት ልጅ ዛሬ ቢቀደም ለምን እንደተቀደመ አይታወቅም። አንዱ ቀድሞ አድጓል፤ ሌላው ገና ነው። አንዱ ጠዋት በልቶ መጥቷል፤ ሌላው አልበላም። አንዷ ውኃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ ደክሟት መጥታለች። እህል ገና ቡቃያው ላይ ሳለ «ይህ አያፈራም» ብሎ የሚነቅል ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

«ወረታ ቆላ ነው፣ ሯጭ አያወጣም» ስለሚባለው

ሌላው የሚነሣው ነገር «ሯጭ የሚወጣው ከደጋ ነው» የሚለው ነው። እውነት አለው። የአርሲዋ በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የኛ ወረታ ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት እዚያ ሲኖር ደሙን ያጠነክራል ይላሉ የሚያውቁት። ሆኖም ከፍታ ብቻውን ሯጭ አያደርግም። ያማ ቢሆን ጉና ተራራ ሥር ያለ ልጅ ሁሉ ኦሊምፒክ በገባ ነበር።

በቆጂን በቆጂ ያደረጋት አንድ የትምህርት ቤት መምህር ጭምር ነው። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ይባላሉ። የስፖርት መምህር ሆነው የሰፈሩን ልጆች በየማለዳው እያሰባሰቡ አሠለጠኑ። ደራርቱ ቱሉ እሳቸው እጅ ያለፈች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝታ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ቀነኒሳ በቀለም እንዲሁ፤ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በአዋቂዎች ብቻ 11 ጊዜ በግል አሸንፏል። እነዚህ ሰዎች ልጅ ሳሉ ማንም ወደፊት ምን እንደሚሆኑ አያውቅም ነበር። መምህሩ ግን በየማለዳው ሜዳው ላይ ነበሩ። ለኛ የሚሆነን ትምህርት ይህ ነው፤ ከፍታውን ማምጣት አንችልም፣ በየማለዳው መገኘት ግን እንችላለን።

ደግሞም እውነቱን እንነጋገር። ከ31 ልጆቻችን አንድም ኦሊምፒክ ላይገባ ይችላል። ይህን ብለን ወላጅ አናታልልም። ልጁ ግን ጤናማ ይሆናል፣ ጓደኛ ያፈራል፣ የጀመረውን መጨረስ ይለምዳል። ይህ ካልበቃን ልምምዱን አሁኑኑ መዝጋት ነው።

ዘንድሮ እንዴት እንሥራ?

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ያዘጋጀነው ከትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህራንና ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግረን ነው።

1ኛ. ሰዓትና ቀን። ልምምዱ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይሁን። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆነ ዘለልነው። በረመዳን የሚጾም ልጅም ቢሆን በዚያ ወር እየተጫወተ ይዋል እንጂ አይሩጥ። ከረፋድ በኋላ ሩጫ የለም። በሙቀት ጀግና የለም፤ ቀነኒሳ እንኳ 5 ዓመት ሙሉ ተሸንፎ የማያውቅበትን ውድድር እ.ኤ.አ. በ2007 ኬንያ፣ ሞምባሳ ላይ በዚያ ሙቀት በመጨረሻው ዙር አቋርጦ ወጥቷል። ቀነኒሳን ያስቆመ ሙቀት የ10 ዓመት ልጅ ምን ያደርጋል?

2ኛ. መጠን። ጀማሪ ልጅ ሮጦ ይራመዳል፣ ተራምዶ ይሮጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 6 ጊዜ። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 5 ጊዜ። በ5ኛውና በ6ኛው 4 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ 4 ጊዜ። በ7ኛውና በ8ኛው 10 ደቂቃ ሳይቆሙ፣ ትንሽ ተራምደው፣ ደግሞ 5 ደቂቃ። መለኪያው ወሬ ነው፤ ከጓደኛው ጋር እያወራ መሮጥ የሚችል ልጅ በልኩ እየሮጠ ነው። ወሬው ከተቆረጠ ፍጥነቱ በዝቷልና ይቀንስ።

3ኛ. ጨዋታ። ከሩጫው በፊት 10 ደቂቃ አባሮሽ፣ ሌባና ፖሊስ፣ በገመድ መዝለል ይሁን። ሰውነት የሚሟሟቀው እንዲህ ነው። ልጅን አሰልፎ እንደ ወታደር ማዘዝ ይቅር፤ ባለፈው ዓመት አይተነዋል፣ ልጅ ያባርራል።

4ኛ. መሬቱ። መሬታችን ዋልካ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ይጨቀያል፤ በበጋ ደግሞ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል። ስለዚህ ልጆቹ ከመሮጣቸው በፊት አንድ አዋቂ መንገዱን በእግሩ ይሂድበት፤ ስንጥቅ ያለበት ላይ ቅጠል ያለው ጭራሮ ይትከል። በክረምቱ ሜዳው ሲረግፍ በትምህርት ቤቱ ግቢ ጨዋታና ዝላይ ብቻ ይሁን። አስፋልት ላይ ግን በፍጹም አይሩጡ። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚበረውን ሲኖትራክና የባጃጁን ብዛት ታውቁታላችሁ።

5ኛ. ጫማ። «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ አዎን። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ አሸንፏል። ባዶ እግር ለለመደውና ለጸዳ መሬት ነው። በኮንጎ ጫማ የሚሮጥ ልጅ እግሩ ይላጣል፤ ካልሲ ካለው ይሻለዋል። አሮጌ ሸራ ጫማ በሊስትሮ ቢሰፋ ለጀማሪ ይበቃል።

6ኛ. ጤናና ውኃ። ትኩሳት ያለው ልጅ ለአንድ ቀንም አይሮጥም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ከወባ የተነሣ ልጅ ሙሉ በሙሉ እስኪበረታ ይረፍ። ከሩጫ በኋላ ልጆች ጠምቷቸው ወደ መስኖ ቦይና ወደ ኩሬ ይሮጣሉ። ይህ ይከልከል፤ ከዚያ ውኃ የሚጠጣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ የሚዋኝበትም ቢልሃርዝያ ሊይዘው ይችላል። ማኅበሩ በጀሪካን ንጹሕ ውኃ ያቅርብ። ጠዋት ሲመጡ ትንሽ ነገር ቀምሰው ይምጡ፤ እፍኝ ቆሎ ወይም ቁራሽ ዳቦ ይበቃል። ሲመለሱ ያገኙትን ይብሉ፤ ሽሮም፣ ሩዝም፣ ባቄላም መልካም ነው።

7ኛ. ዙር መቁጠር። የማድሪዱ ነገር እንዳይደርስብን ልጆቹ ዙር መቁጠርን እንደ ትምህርት ይማሩ። በእጃቸው ጠጠር ይዘው በየዙሩ አንድ ይጣሉ። ሲለቀቁም ያለ ልክ እንዳይፈተለኩ፣ የመጀመሪያውን ዙር ከሁሉ ቀስ ብለው እንዲሮጡ ይልመዱ።

8ኛ. የመጨረሻው ልጅ። ልምምድ የሚያልቀው የመጨረሻው ልጅ ሲደርስ ነው። የደረሱት ልጆች ተመልሰው ሄደው እሱን ይዘውት ይምጡ። ዳር ቆመን የምንመለከት አዋቂዎችም አፋችንን እንሰብስብ። «ኤሊ» ብሎ የሳቀ ሰው አንድ ልጅ አስቀርቶብናል። ስሙን አንጠራም፤ እሱም እዚህ አለ፣ እኛም አብረን ስቀናል።

ለወላጆች የምናቀርበው ጥያቄ

ሥራ እንዳለ እናውቃለን። በነሐሴ የሩዙ አረም አለ፤ እህሉ ሲያሽት ወፍ ጥበቃ አለ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳው አለ። በአጨዳው ሳምንታት ልምምድ አይኖርም፤ በሌላው ጊዜ ግን ልጁን በሳምንት ሁለት ጠዋት፣ ለ40 ደቂቃ ብቻ ልቀቁልን። ከረፋዱ 2 ሰዓት በፊት ተመልሶ ለትምህርቱ ይደርሳል።

ስለ ሴቶቹ ልጆች ለብቻው እንናገራለን። ከ14 ሴቶች ውድድሩ ሲደርስ የቀረችው 1 ብቻ ነበረች። ሴት ልጅ ስትቀር «ሰነፈች» እንላለን። ቤት ሄደን ስናይ ግን ወንድሟ ተኝቶ እሷ ውኃ ልትቀዳ ወጥታለች። በሁለቱ ጠዋቶች ውኃውን ወንድምየው ይቅዳ። ይህ ከባድ ጥያቄ አይደለም። ደራርቱም የገበሬ ልጅ ናት። በጠዋት ጨለማ ብቻዋን እንዳትመጣም ከየመንገዱ ጫፍ አንድ እናት ወይም አንድ አባት ሰብስቦ ያምጣቸው፤ ተራ እናወጣለን።

እናቶቻችን «ቢወድቁብንስ?» ትላላችሁ። ባለፈው ዓመት ከወደቀችው ልጅ እናት ጋር ተቀምጠን ተነጋግረናል፣ ይቅርታም ጠይቀናል። ልጇን ትመልስልን እንደሆነ ስንጠይቃት «ሰዓቱን ከቀየራችሁ፣ እኔም ዳር ቆሜ ካየሁ» አለች። ስለዚህ ማንም ወላጅ በፈለገ ጊዜ መጥቶ ይቁም፣ ይይ፣ ያልተስማማውን ይናገር። ይህ ልምምድ የማኅበሩ ኮሚቴ የግል ንብረት አይደለም።

የውሳኔ ሐሳብ

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንመለስ። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

ሀ) 6 ጥንድ አዲስ ጫማ አይገዛ። በዚያው ገንዘብ 2 ጀሪካን፣ 1 ፊሽካ፣ መዝለያ ገመድ፣ ፋሻና የቁስል መድኃኒት ያለው ሣጥን ይገዛ። የሚተርፈው ለአሮጌ ጫማ ማሰፊያ ይዋል። ቤቱ ውስጥ የማይደረግ የልጅ ሸራ ጫማ ያለው ሁሉ ያምጣ።

ለ) ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ «አልቻልህም» ተብሎ አይሰናበት። ለውድድር የሚሰለፉት ከተመዘገቡት መካከል በመገኘታቸው ይመረጡ፤ ሳያቋርጥ የመጣ ልጅ ይቅደም። ከተሰላፊዎቹም ሌላ 2 ተጠባባቂ ሁልጊዜ ይኑር።

ሐ) ባለፈው ዓመት የተሰናበቱትን ልጆች ቤት ለቤት ዞረን እንድንመልስ ለኮሚቴው ፈቃድ ይሰጠው። እኛ ነን ያባረርናቸው፤ እኛው ሄደን እንጥራቸው።

መ) በየማለዳው ሜዳ ላይ የሚገኙ 4 አዋቂዎች በፈቃዳቸው ይመዝገቡ። ሩጫ ማወቅ አያስፈልግም። ሰዓት ማክበር፣ ልጅ መቁጠርና ሲሄዱ 20 የነበሩት ሲመለሱም 20 መሆናቸውን ማረጋገጥ ይበቃል።

እጅ ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ዘንድሮም ምናልባት ላናሸንፍ እንችላለን። 6 ልጅ መርጠው፣ አዲስ ጫማ አድርገው የሚመጡ ሰፈሮች ይኖራሉ፤ በፊታችን ይገቡ ይሆናል። ያን ጊዜ «አላልናችሁም ነበር?» የሚል ይነሣል። እንግዲህ ዛሬውኑ እንወቀው። እኛ የምንጠይቃችሁ ለአንድ ውድድር አይደለም፤ ለ3 ዓመት ትዕግሥት ነው። ዛሬ 10 ዓመት የሆናት ልጅ ያን ጊዜ 13 ይሆናታል። ያኔ ፈጣን ትሁን አትሁን ያኔ እናየዋለን፤ አሁን ግን ከሜዳው እንዳትጠፋ ማድረግ የኛ ፈንታ ነው።

ልብስ ይዛ ዳር የቆመችው ልጅ ለጠየቀችን ጥያቄ ዛሬ መልስ ልንሰጣት እንችላለን። መልሱ በእጃችሁ ላይ ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ወረታ

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ ንግግር በኋላ በተደረገው ውይይት ሀ፣ ለ እና ሐ በአብላጫ ድምፅ ጸድቀዋል። በመ መሠረት እስካሁን የተመዘገቡት 3 አዋቂዎች ናቸው። አራተኛ ሰው ጎድሎናል። ፈቃደኛ የሆነ ነዋሪ እስከ ሰኞ ድረስ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያሳውቅ።